ጉልቻውን ማን ቆጠረው?

በየስልኩ የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ሰፊ ሳህን ይታያል። ከሥር የተጠበሰ ድንች፣ በላዩ በቀጭኑ የተቆረጠ ስቴክ፣ በስቴኩ ላይ ሽሪምፕ፣ ከሁሉም በላይ የቀለጠ ቺዝና ሶስ። ስሙ ሎድድ ፍራይስ ነው፤ ጭነት የበዛበት ድንች ጥብስ እንደማለት። ከቪዲዮው ሥር ሁለት ዓይነት ሰው ይጽፋል። አንዱ «ይሄ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ሽሮ በተወደደበት አገር እናንተ ሽሪምፕ ትሉናላችሁ!» ብሎ ይቆጣል።

ቁጣው ተገቢ ነው። አድራሻው ግን ተሳስቷል። በቤቷ ድንች የጠበሰች ሴት የማንንም ሽሮ አልወሰደችም። ይልቅ ከባዱ ነገር ያለው በጠያቂው አፍ ላይ ነው። «ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ነገሮች እንዳሉ አድርጎ ይነሳል፦ ቤትና ጉልቻ። ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ወዲህ በካዛንቺስ የሆነውን የተመለከተ ሰው ሁለቱንም እንደ ቀላል ነገር ሊያልፋቸው አይችልም።

አማርኛ ትዳር ለያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይላል። ግድግዳና ጣሪያ ሠራ አይልም። ቤት ቤት የሚሆነው እሳት ሲነድበት እንደሆነ ቋንቋው ያውቃል። የከተማዋ ዕቅድ ግን ይህን የሚያውቅ አይመስልም።

ስሙ ነው እንግዳው

ሎድድ ፍራይስ ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ስሙና ዋጋው ነው። ከተማዋ የራሷን ከሠራች ቆይታለች፤ እርጥብ ትለዋለች። ዳቦ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ መሃሉ በተጠበሰ ድንች ይሞላል፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመርበታል፣ ዳጣ ወይም አዋዜ ይቀባል። የቀን ሠራተኛው፣ ሊስትሮው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ ያለቀበት የቢሮ ሠራተኛ ቆሞ ይበላዋል። በሳህኑ ላይ ድንቹ ሥጋ ይሸከማል። በእርጥብ ውስጥ ግን ድንቹ የሥጋውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል።

ከእርጥብ ቀጥሎ ቺፕስ አለ። በትምህርት ቤት በር ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት የሚሸጠው። ሁለቱም በዘይት የተሠሩ ስለሆኑ በጾምም በፍስክም ይበላሉ። ረቡዕና ዓርብ አይከለክላቸውም፣ ሁዳዴ አያቆማቸውም። ለሻጯ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ገበያ ማለት ነውና።

ይህን ድንች ማን ይጠብሰው ነበር? በአብዛኛው በየግቢው ያሉ ሴቶች። ማታ ድንቹን ልጠው ውኃ ውስጥ የሚያሳድሩ፣ ጠዋት አንድ ብረት ድስትና አንድ ምድጃ ይዘው በር ላይ የሚቀመጡ። ንግድ ፈቃድ የላቸውም፤ ደንበኛ ግን አላቸው። የሥራ ቦታቸው ወጥ ቤታቸው ነበር፣ ወጥ ቤታቸውም የሥራ ቦታቸው።

ሳህኑ ይፈታ

የተቆጣው ሰው ሽሪምፑን ብቻ አይቷል። ሳህኑ አንድ በአንድ ሲፈታ ግን ሌላ ነገር ይታያል።

ድንቹ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር እጅ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች በደጋው ገበሬ እጅ ናቸው። ስለዚህ ችግሩ ድንች የማብቀል አይደለም፤ ድንቹ ወደ መሃል ከተማ የሚደርስበት መንገድ ነው። የከተማዋ ትልቁ የአትክልት የጅምላ ገበያ በፒያሳ አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ከዚያም ኃይሌ ጋርመንት ገባ። የፒያሳው ገበያ መጨናነቁና መቆሸሹ እውነት ነው። ነገር ግን ከካዛንቺስ ተነስታ በማለዳ አንድ ጆንያ ድንች ይዛ ትመለስ የነበረች ቸርቻሪ ዛሬ ከተማውን አቋርጣ መሄድ አለባት። ገበያው ሲርቅ የትራንስፖርቱን ወጪ ማን እንደሚሸከም የተነገረ ነገር የለም። የተሸከመችው እሷ ናት።

ዘይቱ። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተነግሮ ነበር። ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፣ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወጥ የሚሠራ ሰው ዘይት ሲወደድ በማንኪያ ይቀንሳል። ድንች የሚጠብስ ሰው መቀነስ አይችልም፤ ድንቹ ካልሰመጠ አይጠበስም። ሥራዋን ለመጀመር ብቻ ሊትሮች ዘይት ድስት ውስጥ መገኘት አለባቸው። እሷ ዘይቱን ደጋግማ ስታሞቀው «ጤና ትጎዳለች» ይባላል። ትጎዳለች፤ ደጋግሞ የጋለና የጠቆረ ዘይት ለማንም አይበጅም። ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እንዳትቀይር ያደረጋት ግን ክፋቷ አይደለም።

መብራቱ። አንድ 2,000 ዋት ምድጃ አንድ ሰዓት ሲሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ የገነባው ግድብ ነው። ቦንድ የገዛች ድንች ጠባሽ «መብራቱ በኔ ምድጃ ላይ መቼ ነው የሚቀለው?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ የባንዳ ጥያቄ አይደለም፤ የባለድርሻ ጥያቄ ነው።

ሽሪምፑ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ ጀምሮ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የአንካራው መግለጫ ሲወጣም ጭምር፣ በየቻናሉ ስለ ባሕር በር ያልተጻፈ የለም። ሽሪምፑ ግን ዛሬም በረዶ ሆኖ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ደግሞም ለብዙው የካዛንቺስ ሰው የሚያጓጓ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም፤ የዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ሽሪምፑ ከክርክሩ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም። በእሱ ቦታ የጣና ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ ተጠብሶ ቢገባ ሳህኑ አያፍርም።

ሥጋው ለብቻው ይቆይ። ወደ እሱ መመለስ ይገባል፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚያ ነው ያለው።

ለጠያቂው መልስ

«ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?» ያለው ሰው በቅድሚያ መልስ ይገባዋል። መልሱም የሳህኑን እውነተኛ ማንነት ያሳያል።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ድንች ይበቃል። ድንቹ ተልጦ በጣት ውፍረት ይቆረጥና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ በላዩ ያለው ስታርች ካልወጣ ውጪው ቶሎ ያርራል። ከዚያ ጥቂት ይቀቀላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ የተሰማው ደቂቃ እዚህ አይሠራም፤ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። የድንቹ ጠርዝ መላላት ሲጀምር ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርቃል። እርጥበት ያለበት ድንች ዘይት ያስፈነጥራል፣ አይሞቅምም።

ጥብሱ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ መካከለኛ በሆነ ሙቀት፣ ቀለም ሳይዝ መሃሉ እስኪበስል። ወጥቶ ያርፋል። ቀጥሎ በጋለ ዘይት፣ ወርቃማ እስኪሆን። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አንድ ቁራጭ ጥሎ ይመልከት፤ ቁራጩ ወደ ታች ወርዶ ቀስ ብሎ አረፋ ካወጣ ዘይቱ ለመጀመሪያው ደርሷል፤ እንደገባ ወዲያው ከተንጫጫ ለሁለተኛው ደርሷል።

ለሥጋው 300 ግራም ሽንጥ ወይም ፊሌቶ ይበቃል። እዚህ አገር ብዙው በሬ እርሻ ላይ ዕድሜውን ገፍቶ ነው ወደ ቄራ የሚመጣው። ሥጋውም ሳይቆይ ትኩሱን ስለሚበላ፣ በወፍራሙ ቆርጦ እንደ ፈረንጅ ስቴክ ማቅረብ ጥርስ ማስቸገር ነው። ደረቅ ሆኖ በጋለ መጥበሻ ሁለቱም ጎኑ ይነካል፣ አምስት ደቂቃ ያርፋል፣ ከዚያ ጭረቱን በሚያቋርጥ አቅጣጫ በቀጭኑ ይቆረጣል። ሽሪምፕ የሚበላ ሰው በረዶውን አቅልጦ፣ አድርቆ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ቅቤ እያንዳንዱን ጎን አንድ ሁለት ደቂቃ ይንካው። ግማሽ ቀለበት ሲሠራ በስሏል፤ ሙሉ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። ድንቹ ከሥር፣ ሥጋው ከላይ፣ ቺዝ ካለ ቺዝ ከሌለ አይብ፣ በመጨረሻ ሚጥሚጣ።

እዚህ ላይ ሂሳቡ ይታይ። 300 ግራም ሥጋ ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንዱ 75 ግራም ይደርሰዋል። ይህ የቅምጥል ሳህን አይደለም። ጥቂት ሥጋ በብዙ ድንች ላይ ተዘርግቶ ቤተሰብ የሚያጠግብበት ዘዴ ነው፤ ጥብስ ፍርፍር ለዘመናት ሲያደርግ የኖረውም ይህንኑ ነው። ያው ሳህን በካፌ ሲቀርብ ግን የቤቱ ኪራይ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የመብራቱ ማስጌጫና የወንበሩ ዋጋ ይጫንበታል። ጭነቱ የበዛው ድንቹ ላይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ማብሰል ቅንጦት ሳይሆን ከቅንጦት ማምለጫ ነው። ማምለጫው ግን በዝምታ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ የማይቋረጥ ውኃ፣ መብራት፣ ቅርብ ገበያ፣ ሥጋ የሚካፈሉት ጎረቤት። ካዛንቺስ ይህን ሁሉ በጉድለትም ቢሆን ይዞ የኖረ ሰፈር ነበር።

ካዛንቺስ ምን ነበር?

ስሙ ራሱ ስለ ቤት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ በቆየበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ ምህጻረ ቃሉ ኢንቺስ። «ካዛ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በሰፈሩ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ለራሱ ሰዎች የሠራው ሰፈር በኋላ የአዝማሪ፣ የሥጋ ቤት፣ የጠጅና የቢሮ ሠራተኛ ሰፈር ሆነ። በአንድ በኩል የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በሌላ በኩል ዑራኤል፤ መሃሉ ላይ በየግቢው የተደራረበ ሕይወት።

ያ ሕይወት የተደራረበው በሕግም ጭምር ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙው ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። ኪራዩ ርካሽ፣ እድሳቱ የማይታሰብ። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ወጥ ቤት፤ በየቤቱ ደግሞ ደባል። ይህን ሰፈር በናፍቆት ገነት ማድረግ ውሸት ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ይሸት ነበር፣ እሳት ቢነሳ መኪና አይገባም ነበር።

ግን ሥጋው የሚገኘው እዚያ ነበር። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ይባላል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን ሥጋ የበዓል ጉዳይ ነው። ድሃው በበዓል ሥጋ የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ ቅርጫ ነው። ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ግቢ ውስጥ ይታረዳል፣ ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ጎድኑ፣ ጨጓራው ሳይቀር እኩል ተመድቦ በዕጣ ይከፋፈላል። ቅርጫ ባንክ የለውም፣ ውል የለውም። ያለው መተማመን፣ ግቢና ቅርበት ብቻ ነው። በስልክ ላይ ስቴክ ያየ የካዛንቺስ ልጅ እናት «ፋሲካ ይድረስ» ስትለው ባዶ ተስፋ አልነበረም። ከሽንጡ መደብ ላይ ይደርሰዋል ማለቷ ነበር።

ጉልቻው ሲነሳ

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎች መስመሮች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው ምዕራፍ ካዛንቺስን ያዘ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪዎች ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። ብዙዎቹ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወዳለው ገላን ጉራ ገቡ።

የከተማ አስተዳደሩ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ተገቢውን ክብደት ሰጥቶ ማዳመጥም ያስፈልጋል። ነዋሪው ለሰው ከማይመጥን ቤት ወጥቶ የራሱ ሽንት ቤትና የራሱ ወጥ ቤት ያለው ቤት አግኝቷል ይላል። ጎረቤታሞች አብረው እንዲሄዱ ተደርጓል፣ ማኅበራዊ ትስስሩ ተጠብቋል ይላል። ከተማዋ ተውባለች፣ የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል ይላል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ማታ ማታ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው የመጨረሻውን በዓይኑ ያየዋል። ልጆቿን በጋራ ሽንት ቤት ያሳደገች እናት በሯ የሚቆለፍ መታጠቢያ ስታገኝ የተሰማትን እፎይታ ማንም ሊያጣጥልባት አይገባም።

ሆኖም ዕድር በመኪና ይጫናል፤ ደንበኛ ግን አይጫንም። የእርጥብ ሻጯ ደንበኞች የኢሲኤ ዙሪያ የቀን ሠራተኞች፣ የቢሮ ተላላኪዎች፣ የታክሲ ረዳቶች ነበሩ። እነሱ ካዛንቺስ ቀርተዋል። እሷ ገላን ጉራ ናት። አዲሱ ወጥ ቤቷ በሴራሚክ የተለበጠ ሊሆን ይችላል። ድስቱ ግን ለማን ይጣዳል? ከተማው የወጥ ቤቱን ክፍል ሰጣት፤ የወጥ ቤቱን ሥራ ወሰደባት። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወጥ ቤት ክፍል ነው። ለእሷ ወጥ ቤት ፋብሪካ፣ ሱቅና የጡረታ ዋስትና ነበር።

አንድ ፋብሪካ ከቦታው ሲነሳ ማሽኑ ይቆጠራል፣ የሚቋረጠው ገቢ ይሰላል። አንድ ምድጃ ሲነሳ ማን ቆጠረው?

ሕጉ እንኳ ከአፈጻጸሙ ይሻላል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ ለሕንፃና ለዛፍ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። የኢኮኖሚ ጉዳትን፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንም ያውቃል። ትልቅ ነገር ነው፤ ጉርብትና ዋጋ እንዳለው ሕግ አውጪው አምኗል ማለት ነውና። ነገር ግን ሕጉ የሚያነጋግረው ይዞታ ያለውን ሰው ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይዋ ድንች ጠባሽ፣ ከእሷም በታች በእሷ ቤት በደባልነት የምትኖረው ድንች ላጭ፣ በየትኛው አንቀጽ ይገባሉ? ካርታ የላቸውም። ፈቃድ የላቸውም። ያላቸው ብረት ድስት ነው፤ ብረት ድስት ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም።

ንጽሕና የሚባለው ሰበብ

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ አንድ የመጨረሻ መልስ አለ፦ «የመንገድ ላይ ምግብ ቆሻሻ ነው፣ በሽታ ያመጣል፣ ከተማዋን ያበላሻል።» ደንብ አስከባሪ ድስት ሲያነሳ የሚለውም ይህንኑ ነው።

እውነት አለበት። የጠቆረ ዘይት፣ ያልታጠበ እጅ፣ አቧራ ላይ የተቀመጠ ዳቦ ሰው ያሳምማል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ቧንቧ፣ መደርደሪያ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ ቁጥጥር። በኮሪደሩ ላይ ለፏፏቴ ውኃ ተገኝቷል። ለእጅ መታጠቢያ የሚጠፋበት ምክንያት የለም። ለጌጥ መብራት ገመድ ተዘርግቷል። ለአንድ ምድጃ የሚሆን ሶኬት ከዚያ መስመር ላይ ማውጣት ተአምር አይጠይቅም። ለካፌ ወንበር የሚሆን ቦታ ከተገኘ ለእርጥብ መሸጫ የሚሆን ሁለት ሜትር ሊጠፋ አይችልም።

እንዲያውም ይህች ከተማ ጉልቻን መቁጠር የምታውቅበት ጊዜ ነበር። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ሲሠሩ «ኮሚናል» የሚባል ሕንፃ አብሮ እንዲሠራ ታቅዷል፤ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ። ያን ያቀደው ባለሙያ አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ እንደማይታረድ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለድግስ እንጀራ እንደማይጋገር ገብቶት ነበር። በኋላ በየሳይቱ ብዙው ኮሚናል ወደ ሱቅና ወደ ቢሮ ተለወጠ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። የተረሳው ሐሳቡ ነው።

የሚጠየቀው ምንድን ነው?

ፈርሶ ያለቀውን ካዛንቺስ መልሱ የሚል ሰው የለም። የሚጠየቀው ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሌላ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ቤት ሲቆጠር ምድጃም ይቆጠር። በዚህ ግቢ ውስጥ ምግብ ሸጦ የሚያድር ማነው? ድንች፣ እንጀራ፣ ሳምቡሳ፣ ጠላ? ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ ተከራይ ይሁን ደባል፣ ስሙ ይመዝገብ። ያልተቆጠረ ሰው አይካስም።

ሁለተኛ፣ በኮሪደሩ ላይ ውኃና መብራት የገባላቸው አነስተኛ የምግብ መሸጫዎች ይሠሩ፤ ቅድሚያውም ከዚያው ሰፈር ለተነሱት ይሁን። ኪራይ ይክፈሉ፣ ግብር ይክፈሉ፣ በጤና ባለሙያ ይፈተሹ። አብዛኞቹ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ዕውቅና ነው የሚያዩት። የማለዳ አውቶቡስም ከገላን ጉራ እስከ ካዛንቺስ ሥራ ሳይጀመር በፊት ይድረስ። ሰባት ሰዓት ላይ የሚበላ እርጥብ የሚጀመረው ሌሊት ነውና።

ሦስተኛ፣ በአዲሶቹ መንደሮች የጋራ የእርድና የመጋገሪያ ቦታ ይኑር፤ ካለም ወደ ሌላ አገልግሎት እንዳይዞር በደንብ ይታሰር። ቅርጫ ያለ ግቢ አይሆንም። ድሃው ሥጋ የሚያገኝበትን ብቸኛ የቁጠባ ማኅበር በአርክቴክት ስህተት ማፍረስ ኃጢአትም ነው፣ ኪሳራም ነው።

እነዚህ ሦስቱ አዲስ ብድር አይጠይቁም፣ የውጭ አማካሪ አያስፈልጋቸውም። የሚጠይቁት ከተማዋን ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ መመልከትን ነው።

ወደ ሳህኑ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ተረቱ። የካዛንቺስ ነገር ከተረቱ አልፏል። እዚህ ጉልቻው ተነስቷል፤ ወጡን ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ዋጋ እየሸጠው ነው። ነገ በአዲሱ ካዛንቺስ በሚከፈት አንድ ካፌ ሎድድ ፍራይስ በሚያምር ሳህን ይቀርባል። ድንቹ ከዚያው ደጋ የመጣ ድንች ነው። ድንቹን የሚጠብሰው ወጣት የዚያችው የእርጥብ ሻጭ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እናቱ በር ላይ ተቀምጣ ስትጠብስ እያየ የተማረውን ሙያ ይዞ፣ በደመወዝ ተቀጥሮ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ መጥቶ። ዘይቱ መቼ እንደጋለ ቴርሞሜትር ሳያይ ያውቃል። የማያውቀው በዚያ ሰፈር ውስጥ የራሱን ድስት የሚጥድበት ቦታ የት እንደሆነ ነው።

በቪዲዮው ሥር የተቆጣው ሰው ቁጣውን ይያዘው፤ ያስፈልገዋል። ግን ከሳህኑ ላይ ያንሳውና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ያዙረው። ጠያቂውም ጥያቄውን አይተው። «ይሄ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?»

ድንች፣ ዘይት፣ ጥቂት ሥጋ። የቀረው ቤት ነው፤ ቤት ማለት ደግሞ ጉልቻ ነው።